ሮዝ ቀለምና አረንጓዴ ብርሃን ዓይንን ከአሜባ ያድኑ ይሆን?

ባገራችን ሰው ነገሩን ለማሳመን ሲፈልግ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ይምላል። መሐላው ከባድ ነው፤ ከዓይን የሚበልጥ መያዣ የለምና። እጁ የወለቀ ሰው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ ጥርሱ የታመመ ያስነቅላል፤ ዓይኑ የጠፋ ሰው ግን ፀሐይ ወጥታ ሳለ ይመሽበታል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን የከበረ ብልት ስለሚያጠቃ አንድ እጅግ ትንሽ ተሐዋሲ፣ እርሱንም ለማጥፋት ስለ ተነሡ ሐኪሞችና ስለ ያዙት እንግዳ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ቢላዋ አይደለም፤ መርፌም አይደለም። ከ19ኛው መቶ ዓመት የቀለም ፋብሪካ የመጣ አንድ ሮዝ ቀለምና አንድ አረንጓዴ መብራት ነው። ቀለሙ በጨለማ ውስጥ ሲሆን ጉልበቱ ትንሽ ነው። መብራቱም ብቻውን ከመብራት አያልፍም። ሁለቱ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ግን ብዙ መድኃኒት ያቃተውን ጠላት ሊያሸንፉ ይችላሉ። ነገሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ እንዴት እንደሚሠራና ወሰኑም የት ላይ እንደሆነ በተራ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዓይን መስኮት

የሰውን ዓይን ከፊት ለፊት ስንመለከት ጥቁሩ ወይም ቡናማው ክፍል የሚታየን በአንድ ጥርት ያለ ሽፋን ውስጥ አልፎ ነው። ይህን ሽፋን ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል። ስፋቱ ወደ 12 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ውፍረቱም በመኻሉ ላይ ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ሁሉ በቅድሚያ የሚያልፈው በዚህ መስኮት ነው።

ኮርኒያ ከሌላው የሰውነት ክፍል የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጥራቱ እንዳይጎድል ሲባል የደም ሥር አልተሠራለትም። ኦክሲጅን የሚያገኘው ከአየር ነው፤ አየሩም በእንባ ውስጥ እየሟሟ ይደርሰዋል። በዚህም ምክንያት ጠላት ሲገባበት በደም ተጭነው የሚመጡት የሰውነት ወታደሮች እንደ ሌላው ቦታ ቶሎ አይደርሱለትም። በሌላ በኩል ደግሞ የሕመም ነርቭ እጅግ ተትረፍርፎ ተዘርግቶበታል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ዓይን ውስጥ ስትገባ ሰውነታችን በሙሉ የሚናወጠው ስለዚህ ነው።

የዚህ መስኮት የላይኛው ቆዳ ቢላጥ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ከቆዳው በታች ያለው ወፍራም ክፍል ሲቆስል ግን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳውም ነጭ ደመና ሆኖ ይቀርና ብርሃኑን ይጋርዳል። ቁስሉ ከጠነከረ ሐኪሞች የተበላሸውን ኮርኒያ ቆርጠው አውጥተው ከሞተ ሰው የተገኘ ጤነኛ ኮርኒያ ይተኩበታል። ይህ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰዎችን ከጨለማ ያወጣ ነው። ዓይኑ በተሐዋሲ ተይዞ፣ ቀልቶና አብጦ ሳለ ሲደረግ ግን የተተከለው ኮርኒያ የመክሸፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ተሐዋሲውም ከቀረው ጠርዝ ተነሥቶ አዲሱን ሊበላው ይችላል። እንግዲህ የሐኪሞቹ ትግል ከቢላዋው በፊት ጠላቱን ማጥፋት ነው።

ሁለት መልክ ያለው ጠላት

ጠላቱ አካንታሜባ ይባላል። አካል ያለው ሆኖ ሳለ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። አንድ ሚሊሜትር በሚሆን ቦታ ላይ ከ25 እስከ 40 የሚሆኑ አሜባዎች በተርታ ሊሰለፉ ይችላሉ። ከገላው ላይ እሾኽ የመሰሉ ቀጫጭን ጣቶች ይወጣሉ፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ «አካንታ» በግሪክ ቋንቋ እሾኽ ማለት ነውና።

የስሙ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። ይህን ዓይነት አሜባ በ1930 ለንደን ውስጥ በእርሾ መሰል ተሐዋስያን ማብቀያ ሳሕን ላይ አግኝቶ የገለጸው ጣሊያናዊው ሐኪም አልዶ ካስቴላኒ ነው። በስሙም አንዱ የአሜባው ዘር ካስቴላኒ ተብሎ ይጠራል። ይኸው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ የወራሪው ጦር የሕክምና ክፍል የበላይ ሆኖ አገልግሏል።

አካንታሜባ ለኑሮው ሰውን አይፈልግም። በአፈር ውስጥ፣ በወንዝ፣ በኩሬ፣ በመዋኛ ገንዳ፣ በአቧራ፣ ከቧንቧ በሚወርደው ውሃም ጭምር ይኖራል፤ ምግቡም ባክቴሪያ ነው። አብዛኞቻችን ዕለት በዕለት እንገናኘዋለን፤ ምንም አያደርገንም። ችግሩ የሚመጣው የኮርኒያ ቆዳ ሲጫር ወይም ሲሳሳ ነው። ያን ጊዜ አሜባው በስንጥቁ ላይ ይጣበቅና እየሸረሸረ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የነርቮቹንም መሥመር ተከትሎ ይሄዳል።

ይህ ተሐዋሲ ሁለት መልክ አለው። ሲመቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይበላል፣ ይራባል። ምግብ ሲጠፋ፣ ድርቅ ሲመጣ ወይም መድኃኒት ሲያገኘው ግን ይኮማተርና በሁለት ድርብ ግድግዳ ተከቦ ይተኛል። ግድግዳው ውስጥ የዛፍ እንጨትና ጥጥ የተሠሩበት ሴሉሎስ የተባለው ጠንካራ ነገር ይገኛል። እንዲህ ምሽግ ገብቶ የተኛውን አሜባ የውሃ ማጣሪያ ክሎሪን አይበግረውም፤ መድረቅም አይገድለውም፤ ዓመታት ይቆያል። ሐኪሙ ድል አደረግሁ ብሎ መድኃኒቱን ሲያቆም የተኛው ይነቃል፤ በሽታውም እንደ ገና ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ዓይንን የሚጎዳ ጥገኛ ተሐዋሲ አካንታሜባ ብቻ አይደለም። በወንዝ ዳር በምትኖር ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው የኦንኮሰርካ ትልም ኮርኒያን ያጠቃል፤ ለእርሱ ግን አይቨርሜክቲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። የብርሃን ሕክምና የተሞከረው በአሜባውና እንደ እርሱ አልበገር ባሉ የሻጋታ ቁስሎች ላይ ነው።

ሐኪሞችን ያታለለ በሽታ

አካንታሜባ ዓይን እንደሚያሳምም የታወቀው በቅርብ ጊዜ ነው። በ1973 በአሜሪካ አገር በደቡብ ቴክሳስ የሚኖር አንድ ከብት አርቢ ዓይኑ ላይ ጉዳት ደርሶበት ወደ ሐኪም ቀረበ፤ ከቁስሉም ላይ ይኸው አሜባ ተገኘ። በ1974 ደግሞ የእንግሊዝ ሐኪሞች ተመሳሳይ በሽተኞች ማየታቸውን በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከዚያ በኋላም ለጥቂት ዓመታት በሽታው እንደ ብርቅ ነገር ይቆጠር ነበር።

በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ነገሩ ተለወጠ። በዓይን ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ መነጽር፣ ማለትም ኮንታክት ሌንስ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት ተስፋፋ። ብዙ ሰዎችም የሌንሱን ማጠቢያ ለመቆጠብ የጨው ክኒን በውሃ እያሟሙ እቤታቸው ያዘጋጁ ጀመር። አሜባው ከውሃው ወደ ሌንሱ ዕቃ፣ ከዕቃው ወደ ሌንሱ፣ ከሌንሱ ወደ ዓይን ተሻገረ። በበለጸጉት አገሮች እስከ ዛሬ ድረስ ከበሽተኞቹ የሚበዙት ኮንታክት ሌንስ አድራጊዎች ናቸው። በሕንድ አገር ግን ብዙዎቹ በሽተኞች ሌንስ አይተው የማያውቁ፣ ዓይናቸውን ገለባ ወይም አፈር የመታቸው ወይም የጎደፈ ውሃ የነካቸው ሰዎች መሆናቸው ታይቷል።

በሽታው ከብዙዎቹ የዓይን ሕመሞች የሚለየው በሥቃዩ ነው። ሐኪሙ በመሣሪያው ሲመለከት ቁስሉ ትንሽ መስሎ ይታየዋል፤ በሽተኛው ግን እንቅልፍ አጥቶ ያድራል፤ ብርሃን ማየት አይችልም፤ እንባው ይወርዳል። ነርቮቹ እየተበሉ ነውና ሕመሙ ከቁስሉ መጠን ጋር አይመጣጠንም። ቀናት ሲያልፉ በኮርኒያው ላይ እንደ ቀለበት ያለ ነጭ ክብ ሊታይ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ግን መልኩ ሄርፒስ በተባለው ቫይረስ ከሚመጣው ቁስል ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ በስሕተት ለእርሱ ይታከማል። በዚህ መኻል የሚጠፉት ሳምንታት ውድ ናቸው፤ አሜባው ከላይኛው ቆዳ ወደ ጥልቁ የሚወርደው በእነዚህ ሳምንታት ነውና።

እርግጡን ለማወቅ ከቁስሉ ላይ ጥቂት ተፍቆ ይወሰዳል። ፍቃቂው ባክቴሪያ በተቀባ ማብቀያ ሳሕን ላይ ሲቀመጥ አሜባው ባክቴሪያውን እየበላ ሲሄድ ዱካው በአጉሊ መነጽር ይታያል። በትልልቅ ሆስፒታሎች ደግሞ ኮርኒያውን ሳይቆርጡ በውስጡ የተኙትን ተሐዋስያን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ አለ።

በየሰዓቱ የሚንጠባጠብ መድኃኒት

እስከ 1985 ድረስ ይህን በሽታ በመድኃኒት ብቻ ማዳን የማይቻል ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት የለንደን ሐኪሞች ፕሮፓሚዲን በተባለ የዓይን ጠብታ አንድ በሽተኛ መዳኑን አስታወቁ። በ1992 ደግሞ እዚያው ለንደን ፖሊሄክሳናይድ የተባለው ኬሚካል ተጨመረ። ፖሊሄክሳናይድ ቀድሞ የታወቀው በመዋኛ ገንዳ ማጽጃነት ነው፤ እጅግ ቀጥኖ በተመጠነ ጊዜ ግን አሜባውን እየገደለ ዓይንን ብዙም አይጎዳም።

ይህ መድኃኒት ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጠብታው በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይደረጋል። በሽተኛውም አስታማሚውም አይተኙም። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየተራራቀ ለወራት ይቀጥላል። ሆኖም ፍሬው የሚያስደስት ነው። 135 በሽተኞች በተካፈሉበትና በ2024 በታተመው የንጽጽር ጥናት፣ ጠንከር ያለው የፖሊሄክሳናይድ ጠብታ ለብቻው ከተሰጣቸውና ቀለል ያለው ከፕሮፓሚዲን ጋር ከተሰጣቸው በሽተኞች በሁለቱም ወገን ከመቶ 84 የሚበልጡት ድነዋል። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት ጠንከር ያለውን ጠብታ ለዚህ በሽታ እንዲሸጥ ፈቀደ።

እንግዲህ ጥያቄው የቀሩት በሽተኞች ናቸው። መድኃኒቱ በጥንቃቄ እየተንጠባጠበላቸው ቁስላቸው የሚሰፋባቸው፣ ወይም ዘግይተው የመጡና አሜባው የመሸገባቸው ሰዎች ምን ይደረግላቸው? ብርሃኑ ወደ ታሪካችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በሙኒክ ከተማ የተገኘ ምሥጢር

ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ እንመለስ። በ1897 መገባደጃ ኦስካር ራብ የተባለ አንድ የሕክምና ተማሪ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በፕሮፌሰር ሄርማን ፎን ታፓይነር ሥር ይሠራ ነበር። ሥራው አክሪዲን የተባለ ቀለም ፓራሜሲየም በሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ የውሃ ተሐዋስያን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መለካት ነው። ከዚህ ጀርባ የነበረው ሐሳብ የወባ መድኃኒት መፈለግ ነበር።

ተማሪው አንድ ነገር አስቸገረው። ያው ቀለም፣ በዚያው መጠን፣ አንድ ቀን ተሐዋስያኑን ቶሎ ይገድላቸዋል፤ ሌላ ቀን ግን ብዙ ሰዓት ይኖራሉ። ልኬቱን ደጋገመ፤ ውጤቱ አልገጥም አለ። በመጨረሻ የተለወጠው የክፍሉ ብርሃን እንደሆነ ገባው። ቀለም የገባባቸው ተሐዋስያን በጨለማ ይኖራሉ፣ በብርሃን ይሞታሉ። ብርሃኑ ቀለም ያልነካቸውን አይገድልም። ውጤቱ በ1900 ታተመ። ታፓይነርና ባልደረባው ዮድልባወር ከዚህ ቀጥለው ነገሩ ያለ ኦክሲጅን እንደማይሆን አሳዩ፤ ፎቶዳይናሚክ የሚለውንም ስም አወጡለት።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። በዚህ ብልሃት መጀመሪያ የሞተው ተሐዋሲ በውሃ ውስጥ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነበር። የዛሬው የዓይን ጠላትም የእርሱ ብጤ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። የቀለሙ ቅንጣት የሚስማማውን ብርሃን ሲያገኝ ይውጠዋል፤ በጉልበትም ይሞላል። ይህንንም ጉልበት በአጠገቡ ላለው ተራ ኦክሲጅን ያስተላልፋል። ኦክሲጅኑም ከተራ ጠባዩ ወጥቶ እንደ ተቆጣ ንብ ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ሲንግሌት ኦክሲጅን ይሉታል። ያገኘውን ስብና ፕሮቲን ይነድፋል፤ የሕዋሱንም ሽፋን ይበሳል። ዕድሜው ግን ከሰከንድ ሚሊዮናዊ ክፍሎች ጥቂቶቹ ብቻ ስለሆነ ርቆ መሄድ አይችልም። የሚገድለው ቀለሙ ባለበትና ብርሃኑ በወደቀበት ቦታ ብቻ ነው። ደግሞም እንደ አንድ ቁልፍ አንድ ቦታ ብቻ ስለማይነካ ተሐዋሲው በቀላሉ ሊለምደው አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ቀለም፣ ብርሃንና ኦክሲጅን ሦስቱ ሲተባበሩ ነው ሥራው የሚሠራው።

በቫይታሚን የተደረገው ሙከራ

በዓይን መስኮት ላይ ቀለምና ብርሃን አስቀድሞ የገባው ለሌላ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ቴዎ ዛይለር፣ ኤበርሃርድ ሽፐርልና ግሬጎር ቮለንሳክ ኮርኒያቸው እየሳሳና እየሾለ ለሚሄድ ሰዎች መላ ሲፈልጉ ነበር። ያገኙትም ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ ሁለት፣ በዓይን ላይ አንጠባጥቦ በማይታየው የአልትራቫዮሌት ብርሃን ለ30 ደቂቃ ማብራት ነው። በዚህ የኮርኒያው ቃጫዎች እርስ በርሳቸው ይተሳሰሩና ይጠነክራሉ። በበሽተኞች ላይ የታየው ውጤት በ2003 ታተመ፤ ሕክምናውም በዓለም ላይ ተስፋፋ።

ታዲያ ሐኪሞቹ «ይህ ብርሃን ተሐዋስያንንም ይገድል ይሆናል፤ ኮርኒያውንም ከመሟሟት ያድነዋል» ብለው በቁስል ላይ ይሞክሩት ጀመር። በአንዳንድ የባክቴሪያ ቁስሎች ላይ መልካም ነገር ታየ። በአሜባው ላይ ግን ተስፋው ቀዘቀዘ። በላቦራቶሪ ከተደረጉት ሙከራዎች ብዙዎቹ የቫይታሚኑና የአልትራቫዮሌቱ መጠን አካንታሜባን ለመግደል እንደማይበቃ አሳዩ፤ ምሽግ የገባውንማ ጨርሶ የሚደፍረው አልሆነም። ብርሃኑን ማብዛት ደግሞ በኮርኒያው ጀርባ ያሉትን፣ አንድ ጊዜ ከሞቱ የማይተኩትን ስስ ሕዋሳት ያሰጋል። የተለየ ቀለም፣ የተለየም ብርሃን አስፈለገ።

ከቀለም ፋብሪካ እስከ ዓይን ክሊኒክ

ሮዝ ቤንጋል የተባለው ቀለም በ1882 ሮበርት ግኔም በተባለ የስዊስ ኬሚስት ተሠራ። የመጀመሪያ ሥራው ጨርቅ ማቅለም ነበር። በ1933 ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን የደረቁና የተጎዱ ዓይኖችን ለመለየት ተጠቀመበት፤ የተጎዳው የዓይን ቆዳ ሮዝ እየሆነ ይታያልና። ከዚያ ወዲህ በዓይን ሐኪሞች መደርደሪያ ላይ የተለመደ ቀለም ሆነ።

ይህ ቀለም አረንጓዴ ብርሃንን እጅግ ይወዳል። ብርሃኑን ሲጠጣም ሲንግሌት ኦክሲጅን በብዛት ያመነጫል። በአሜሪካ አገር በማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የባስኮም ፓልመር የዓይን ተቋም ሊቃውንት ይህን ጠባዩን ይዘው ተነሡ። በ2014 ቀለሙና አረንጓዴው ብርሃን በሳሕን ላይ የበቀሉ የሻጋታ ዘሮችን እንዳያድጉ እንደሚያግድ አሳዩ፤ ቫይታሚኑና አልትራቫዮሌቱ ግን በእነዚያው ላይ ይህን አላደረጉም። በ2017 መድኃኒት አልበግረው ባለ የሻጋታ ቁስል ዓይኑ የተያዘ አንድ በሽተኛ በዚህ ብልሃት መታከሙን አስታወቁ። ከዚያም ወደ አሜባው ተሻገሩ።

ሕክምናው ሲደረግ ያየው ሰው ቀላልነቱ ይደንቀዋል። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ ዓይኑ በማደንዘዣ ጠብታ ይደነዝዛል። ሐኪሙ በቁስሉ ላይ ያለውን የኮርኒያ ቆዳ በቀስታ ይልጣል፤ ቀለሙ እንዲሰርግ ነው። ከዚያም ከመቶ አንድ ዐሥረኛ ወይም ሁለት ዐሥረኛ የተመጠነው ሮዝ ቤንጋል ለ30 ደቂቃ ያህል ይንጠባጠባል፤ ዓይኑ እንደ ጽጌረዳ ይቀላል። በመጨረሻ አረንጓዴው መብራት በላዩ ይበራል። የመብራቱ ጉልበት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 6 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ የሚቆየውም 15 ደቂቃ ነው። ሥራው ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። በሽተኛው ጠብታውን አይተውም፤ ብርሃኑ የመድኃኒቱ አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለምና። ቁስሉ ካልረገበ ሕክምናው ሊደገም ይችላል።

የማያሚ ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹን ውጤቶች በ2019 አወጡ። መድኃኒት አልበገር ባለ ቁስል የተያዙ 18 ዓይኖች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበልጡት አካንታሜባ የያዛቸው ነበሩ። ከመቶ 72 የሚሆኑት፣ ማለትም 13ቱ፣ በቁስል ላይ ከሚደረገው አስቸኳይ የኮርኒያ ተከላ ድነዋል። በጠባሳ የቀረ ሰው ቢኖርም እንኳ፣ ዓይኑ ከረገበና ተሐዋሲው ከጠፋ በኋላ የሚደረግ ተከላ ዕድሉ እጅግ የተሻለ ነው።

ተስፋውና ወሰኑ

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መመርመር ይገባል።

አንደኛው የጥልቀት ነገር ነው። ሮዝ ቤንጋል ወደ ኮርኒያ የሚሰርገው ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። ይህ ባንድ በኩል በረከት ነው፤ በጀርባ ያሉት ስስ ሕዋሳት ከጉዳት ይጠበቃሉ። በሌላ በኩል ግን በጥልቁ የመሸገ አሜባ ቀለሙ አይደርስበትም፤ ቀለም ያልደረሰበትን ደግሞ ብርሃን አይገድለውም። እንግዲህ ይህም ሕክምና ቢሆን ቶሎ የመጣውን በሽተኛ ከዘገየው ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው የማስረጃ ነገር ነው። 18 ዓይኖች በር ይከፍታሉ እንጂ ፍርድ አይሰጡም። እነዚያ በሽተኞች ከብርሃኑ ጋር ብርቱ ጠብታም ይወስዱ ነበር፤ የዳኑት በየትኛው እንደሆነ ለመለየት በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ብርሃኑን ሰጥቶ፣ ለሌላው ሳይሰጡ ማነጻጸር ግድ ነው። ይህ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የቫይታሚኑ ታሪክ ያስተምራል። በሻጋታ ቁስል ላይ ብዙ የተወራለት የሪቦፍላቪን ብርሃን በሕንድ አገር በዕጣ በተከፈሉ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2020 ሲታተም ለመድኃኒቱ የጨመረው ጥቅም እንደሌለ ታወቀ። አንድ ብልሃት በሐሳብ ያማረ፣ በሳሕን ላይ የሠራ፣ በጥቂት ሰዎችም የተመሰገነ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ዳኛ ግን በትክክል የተደረገው ንጽጽር ነው።

ስለዚህ በሐቅ ሊባል የሚችለው ይህ ነው። ሮዝ ቤንጋል በተራ በሽተኛ ላይ ከጠብታው በፊት የሚጀመር ሕክምና አይደለም። ጠብታው አልሠራ ሲል፣ ቢላዋውም ሲቃረብ፣ በመኻል የቆመ ተጨማሪ ዕድል ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ሊል ይችላል። ባገራችን በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ሥውር መሆኑ ታውቋል። ከዓይነ ሥውራኑም ከመቶ 11.5 የሚሆኑት ዓይናቸው የጠፋው ትራኮማ ባመጣው የኮርኒያ ጠባሳ ነው፤ በሌላ ምክንያት በመጣ የኮርኒያ ጠባሳ የታወሩም አሉ። ትራኮማ ባክቴሪያ እንጂ አሜባ አይደለም፤ የዓይን መስኮት መጠበቅ ግን ለሁሉም አንድ ነው። በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሚለግሱትን ኮርኒያ እየሰበሰበ ለሚሹት ያደርሳል፤ ሆኖም የሚለገሰው ከሚፈለገው ጋር አይመጣጠንም። ያልተቆረጠ ኮርኒያ ከተተካው ሁልጊዜ ይሻላል።

ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ፣ ለዓይን ድክመትም ሆነ ለጌጥ፣ ዋናውን ሕግ አትርሱ፤ ሌንስና ውሃ አይገናኙም። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ንጹሕ ቢሆን ለሌንስ ንጹሕ አይደለም። ሌንሱን ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብና ማድረቅ፣ ሌንሱን በራሱ ማጠቢያ ብቻ ማጠብ፣ አሮጌ ማጠቢያ ላይ አዲስ አለመጨመር፣ ዕቃውንም በየጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል። ሌንስ አድርጎ መዋኘት፣ ገላ መታጠብና መተኛት ክፉ ልማድ ነው። በለንደን ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ተደርጎ በ2022 በታተመ ጥናት፣ እያጠቡ ደጋግሞ የሚደረግ ሌንስ የሚጠቀሙ ሰዎች በየዕለቱ የሚጣል ሌንስ ከሚጠቀሙት ይልቅ በአካንታሜባ የመያዝ ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኝቷል።

በእርሻ ላይ የምትውሉ ደግሞ፣ በአውድማ ገለባ ወይም በአጥር እሾኽ ዓይናችሁ ሲመታ በኩሬና በወንዝ ውሃ አታሹት። ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቷችሁ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከበረታ፣ በተለይም ብርሃን ማየት ካልቻላችሁና ሥቃዩ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ተመልሳችሁ አሳዩት፤ ዓይኑን ውሃ ወይም አፈር ነክቶት እንደሆነም ሳትደብቁ ንገሩት። ያቺ አንዲት ቃል ሐኪሙን ወደ እውነተኛው ጠላት ልትመራው ትችላለች።

አንድ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም አለን። «ቀለምና ብርሃን ዓይን ያድናል ተባለ» ብሎ ማንም ሰው ቀለም ዓይኑ ላይ አንጠባጥቦ ፀሐይ እንዳያይ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት የዓይንን የውስጥ መጋረጃ ያቃጥላል፤ ይህም የማይመለስ ጉዳት ነው። ብርሃኑ መድኃኒት የሚሆነው ቀለሙ፣ ጉልበቱና ደቂቃው በሐኪም እጅ ሲለካ ብቻ ነው።